የቬኒሱ አታሚ አልዶ ማኑዚዮ

ለዘንድሮው መጽሔታችን ስለ ድረ ገጽ አሠራርና በኢንተርኔት ስለሚነበበው ነገር አንድ ጽሑፍ ለማቅረብ በተነሣሁ ጊዜ፣ ከኮምፒዩተሩ ይልቅ የገጹ ነገር ሐሳቤን ሳበው። ገጽ ማለት ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ነው፤ በብራና ይሁን በወረቀት ወይም በስልክ መስታወት ላይ ይሁን፣ የፊደሉን መጠንና የባዶውን ቦታ ልክ የወሰነ ሰው አለ። እኔም ከዚህ የተነሣ ከ500 ዓመት በፊት የሞተውን የአልዶ ማኑዚዮን ታሪክ ለመጻፍ መረጥሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አልዶ በ1450 ገደማ ከሮማ በስተደቡብ ባሲያኖ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በሮማ ላቲን፣ በፌራራ ግሪክ ከተማረ በኋላ የካርፒን መሳፍንት ልጆች ሲያስተምር ኖረ። እንግዲህ አታሚ ከመሆኑ አስቀድሞ መምህር ነበረ ማለት ነው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ የሠራው ሥራ ሁሉ ከመማሪያ ክፍል የመጣ ይመስለኛልና። ደቀ መዝሙር ሲኖር መጽሐፍ አይኖርም፤ መጽሐፍ ሲገኝም ስሕተት ይሞላበታል። ሌላው ሰው አርፎ በሚቀመጥበት በ40 ዓመት ዕድሜው ገደማ ማስተማሩን ትቶ ወደ ቬኒስ ሄደ።

ቬኒስን መምረጡ በከንቱ አልነበረም። ቍስጥንጥንያ በ1453 በቱርኮች እጅ ከወደቀች ወዲህ ብዙ የግሪክ ሊቃውንት ወደ ኢጣልያ ተሰደው ነበር፤ ካርዲናል ቤሳሪዮንም በ1468 የግሪክ መጻሕፍቱን ለቬኒስ ከተማ ሰጥቶ ነበር። ማተሚያ ቤቶችም በከተማይቱ ብዙ ነበሩ። አልዶ በ1495 የግሪክኛ ሰዋስው አሳተመ፤ ከዚያም የአሪስጣጣሊስን መጻሕፍት ከ1495 እስከ 1498 ድረስ በ5 ቅጽ አወጣ።

የዚህን ሥራ ድካም ለመረዳት የአገራችንን ቁም ጸሐፊዎች ማሰብ ይበቃል። ጸሐፊ አንዲት ቃል ቢዘል ስሕተቱ በአንድ ብራና ላይ ይቀራል፤ ከዚያ የሚገለብጥ ካለም ቀስ እያለ ይተላለፋል። አታሚ ግን አንዲት ፊደል ቢስት በአንድ ቀን በብዙ መቶ ቅጂ ላይ ይስታል። ስለዚህ አልዶና ረዳቶቹ፣ ይልቁንም የቀርጤስ ሰው የሆነው ማርኮስ ሙሱሮስ፣ ልዩ ልዩ ቅጂዎችን ሰብስበው ቃል በቃል እያስተያዩ የትኛው እውነተኛ እንደሆነ ይመረምሩ ነበር። አልዶ ለእያንዳንዱ ስሕተት አንድ የወርቅ ገንዘብ ከፍሎ ማጥፋት ቢቻል ደስ እንደሚለው ጽፏል።

አሁን ወደ ገጹ ልመለስ። ፍራንቼስኮ ግሪፎ የሚባል የቦሎኛ ሰው የብረት ፊደል ይቀርጽለት ነበር። በ1496 ፒዬትሮ ቤምቦ ስለ ኤትና ተራራ የጻፈውን ትንሽ መጽሐፍ ሲያትሙ የገባው ፊደል ከ500 ዓመት በኋላም የሚወደድ ነው። በላቲን ጽሑፍ እንደ እኛ ድርብ ሰረዝ የሚያገለግለው ምልክትም በዚያ መጽሐፍ ታየ። በ1501 ደግሞ የቨርጂልን ግጥሞች ጋደል ባለ ፊደል በትንሽ መጽሐፍ አተመ። አንዱ ትልቅ ወረቀት ሦስት ጊዜ ታጥፎ 8 ቅጠል ይሆናል፤ መጽሐፉም በእጅ ይያዛል፣ በመንገድም ይነበባል። ዛሬ በኮምፒዩተር ላይ ቃልን ለማጋደል የምንጫነው ምልክት ትውልዱ ከዚያ ነው። በ1985 በአሜሪካ ፔጅሜከር የሚባለውን የገጽ መሥሪያ ፕሮግራም ያወጣው ኩባንያም ስሙን አልደስ ብሎ የሰየመው በዚሁ ሰው ስም ነው።

ከመጠኑ ይልቅ ግን እኔን ያስደነቀኝ ሌላ ነው። በዚያ ዘመን የጥንት ደራስያን መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ትልልቅ ነበሩ፤ ንባቡ በመካከል ጥቂት ሆኖ የሊቃውንት ሐተታ ዙሪያውን ይከበው ነበር። አልዶ በትንንሾቹ መጻሕፍት ሐተታውን አስወግዶ ንባቡን ብቻውን በንጹሕ ገጽ ላይ አስቀመጠው። አንባቢው ምን እንደሚል ራሱ እንዲመረምር ተገደደ። ይህ መልካም ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር፤ ነገር ግን የአገራችንን የአንድምታ ትምህርት ሳስበው እጠራጠራለሁ። በእኛ ዘንድ መምህሩ ንባቡን ከነገረ በኋላ አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው እያለ ልዩ ልዩ ፍች ስለሚያወርድ፣ ትርጓሜው ራሱ የማመዛዘን ትምህርት ነው። ለጀማሪም ባዶ ገጽ ከባድ ነው። ስለዚህ ሐተታን አልነቅፍም። የምነቅፈው ዛሬ በብዙ ድረ ገጾች ጠርዝ ላይ የሚብለጨለጨውን ማስታወቂያ ነው፤ እርሱ ንባቡን አያስረዳም፣ ዓይንን ብቻ ይሰርቃል።

በ1502 የቬኒስ መንግሥት ጋደል ያለውን ፊደል ሌላ ሰው እንዳይጠቀምበት ለአልዶ መብት ሰጠው። ፊደሉን የቀረጸው ግሪፎ ምንም ስላላገኘ ተቀይሞ ሄደ፤ በእኔ አስተያየት ቅያሜው ተገቢ ነበረ። የቬኒስ ሕግ ደግሞ በፈረንሳይ አይሠራም። በሊዮን ከተማ ያሉ አታሚዎች ተመሳሳይ ፊደል ቀርጸው መጻሕፍቱን እየገለበጡ በርካሽ ይሸጡ ጀመር። አልዶ በ1503 ማስጠንቀቂያ አሳተመ። የሐሰተኞቹ ወረቀት መጥፎ መሆኑን፣ ፊደላቸው መልኩ መለየቱን፣ የአታሚው ስምና የታተመበት ቦታ አለመጻፉን ገለጸ፤ በየመጽሐፉ ያለውንም ስሕተት በዝርዝር አወጣ። የሊዮን ሰዎች ምን አደረጉ? ዝርዝሩን ወስደው ስሕተታቸውን አረሙበት!

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ሣቅሁ፣ ኋላ ግን ብዙ አሰብሁበት። አልዶ ዝም ቢል ኖሮ አንባቢው የተበላሸ ንባብ ይዞ ይቀር ነበር፤ በመናገሩ ግን ተፎካካሪዎቹን ረዳ። እንደ መምህር አተረፈ፣ እንደ ነጋዴ ከሰረ። ከቈጠራቸው ምልክቶች አንዱ ለእኛም ይሠራል። በቴሌግራም ከአንዱ ወደ አንዱ የሚተላለፈው ወሬ አብዛኛውን ጊዜ የጸሐፊው ስምና የወጣበት ቦታ የለበትም። መልኩ ግን ያማረ ነው። የሊዮንም መጻሕፍት መልካቸው ያማረ ነበረ።

ከ1509 ጀምሮ በቬኒስ ላይ በተነሣው ጦርነት ምክንያት ሥራው እስከ 1512 ተቋረጠ። በ1513 የአፍላጦንን መጻሕፍት በግሪክኛ አሳተመ፤ በዚያው ዓመት በሮማ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ፊደል ማሳተሙ ለእኛ የሚታወስ ነው። አልዶ በየካቲት 1515 በቬኒስ ሞተ፤ በቤተ ክርስቲያን አስከሬኑ ሲቀመጥ ያተማቸውን መጻሕፍት በዙሪያው ደረደሩለት። ማተሚያ ቤቱን አማቱ አንድሬያ ቶሬሳኒ ያዘ፤ በኋላም ልጁ ፓውሎ ተረከበው። ዛሬ በትልልቅ ቤተ መጻሕፍት የአልዶና የሊዮን ሰዎች መጻሕፍት አብረው ተጠብቀው ይገኛሉ፤ አንዱን ከአንዱ ለመለየት የሚሹ መርማሪዎችም እርሱ በ1503 ያወጣውን ዝርዝር እስካሁን ይመለከታሉ።