ከደባርቂ እስከ መቅደላ፦ እርጋታና መከላከል በዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወት

ደብረ ታቦር፦ በደቡብ ጎንደር ደጋ እረኞች መስክ ላይ ትግል ሲገጥሙ፣ ዳር ቆሞ የሚመለከት ሽማግሌ አስቀድሞ የሚያየው የክንድን ውፍረት አይደለም። ማን እግሩን አጽንቶ እንደቆመ፣ ማን ትንፋሹን እንደቆጠበ፣ ማን በንዴት ዘሎ እንደገባ ይለያል። ተናዶ የገባ ጉልበተኛ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በተጋጣሚው ኃይል ሳይሆን በራሱ ግፊት ነው። ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ በምትገኘው ጋፋት መድፍ ያሠሩት የዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወትም በዚሁ ሚዛን ሊመዘን ይችላል።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም ገደማ ቋራ ተወለደ። አባቱን ያጣው ገና በልጅነቱ ነበር። ለትምህርት የገባበት ገዳም በወራሪ ጦር ሲጠቃ ከሞት ካመለጡት ሕፃናት አንዱ እርሱ እንደነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች ያወሳሉ። ከዚያም በዘመዱ በደጃዝማች ክንፉ ቤት የጦር ሙያ ቀሰመ። ክንፉ ከሞቱ በኋላ ወደ ቋራ በረሃ ሸፈተ። በዚያ ዘመን ያገኘውን ገንዘብ ለአካባቢው ገበሬዎች የእርሻ መሣሪያ መግዣ እንዳከፋፈለ ይነገርለታል። ተከታዩ እየበዛ የሄደውም ከጉልበቱ ባሻገር በዚህ ዓይነቱ ምግባሩ ነበር።

በመጋቢት 1840 ዓ.ም ካሳ በሱዳን ጠረፍ ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ተፋለመ። በቁጥር የሚበልጠው የእርሱ ሠራዊት ነበር። ግብፃውያኑ ግን ምሽጋቸውን ሳይለቁ መድፍና ጠመንጃቸውን በሥርዓት ተኮሱ። የካሳ ወታደሮች በድፍረት ቢወረወሩም ምሽጉን ሊሰብሩ አልቻሉም፤ ብዙ ሰው አለቀ። ካሳ ከዚያ ሽንፈት ሁለት ነገር ይዞ ተመለሰ። አንደኛው ጀግንነት ያለ ሥነ ሥርዓት እንደማይበቃ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በቦታው ጸንቶ የሚጠብቅ ጥቂት ጦር፣ ሳይደራጅ የሚያጠቃውን ብዙ ጦር ሊያሸንፍ እንደሚችል ነው።

ትምህርቱ ከአራት ዓመት በኋላ ፍሬ አፈራ። ራስ ዓሊ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴን ባዘመቱበት ጊዜ ካሳ ፈጥኖ ወደ ጦርነት አልገባም። ወደሚያውቀው ቋራ አፈግፍጎ ኃይሉን አጠናከረ። ጊዜው ሲደርስ ወጥቶ በኅዳር 1845 ዓ.ም ጉር አምባ ላይ ድል አደረገ፤ ጎሹም በውጊያው ወደቁ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ታቁሳ ላይ፣ ሰኔ ላይ ደግሞ በጎጃም አይሻል ላይ አሸነፈ። የራስ ዓሊ መቀመጫ የነበረችው ደብረ ታቦርም የእርሱ ሆነች። በየካቲት 1847 ዓ.ም ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል ነሥቶ፣ በዚያው በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ።

ንጉሠ ነገሥቱ ወታደር ገበሬውን እንዳይዘርፍ፣ አራሹም ወደ እርሻው፣ ነጋዴውም ወደ ንግዱ እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ። ደባርቂ ላይ ያዩትን የመድፍ ኃይልም አልዘነጉም። በጋፋት የሰፈሩትን አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው። ወጣት ኢትዮጵያውያንም ከእነርሱ ዘንድ ሙያ ተማሩ። ከተሞከረና ከከሸፈ ሥራ በኋላ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ።

ነገር ግን የንጉሡ እርጋታ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄደ። በ1850 ዓ.ም የሚወዷቸው ባለቤታቸው እቴጌ ተዋበች አረፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወዳጆቻቸው ፕላውዴንና ቤል ተገደሉ። ዓመፅ በየአቅጣጫው በረታ። በ1855 ዓ.ም ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ በመዘግየቱ ተቆጥተው የእንግሊዝን ቆንስል አሰሩ። ከሁሉ የከፋው በገበሬው ላይ የደረሰው ነው። እንዳይዘርፍ የታዘዘው ሠራዊት በበጌምድር ገበሬ ጎተራ መኖር ጀመረ፤ በ1859 ዓ.ም ጎንደር ተዘረፈች፣ ተቃጠለችም። ቀድሞ ከኋላቸው የቆመው አራሽ ሸሻቸው። ጥቂት በጥቂትም የሚታዘዝላቸው አገር በደብረ ታቦርና በመቅደላ ዙሪያ ብቻ ተወሰነ።

በጥቅምት 1860 ዓ.ም ሴባስቶፖልን አስጎትተው ከደብረ ታቦር ተነሡ። ንጉሡ ከሰዎቻቸው ጋር ድንጋይ እያነሡ፣ ገደል እየቆረጡ፣ የጂዳንና የበሽሎን ሸለቆዎች ተሻግረው በመጋቢት መቅደላ ደረሱ። መንገዱን ኋላ ያዩት እንግሊዛውያን አድንቀውታል። በዚያ ሥራ ላይ የታየው ትዕግሥት የጥንቱ ካሳ ትዕግሥት ነበር።

የጄኔራል ናፒየር ጦር በደረሰ ጊዜ ግን ያ ትዕግሥት አልተገኘም። ከአሮጌ ጦርነት ዋዜማ በቁጣ በርካታ እስረኞች ተገደሉ፣ ወደ ገደልም ተወረወሩ። በማግስቱ የስቅለት ዕለት በፊታውራሪ ገብርዬ የተመራው ጦር የያዘውን ከፍታ ለቆ ቁልቁል ወደ አሮጌ ሜዳ ወረደ። ፈጥኖ የሚተኮስ ጠመንጃ የያዘው የእንግሊዝ ጦር በሥርዓት ተሰልፎ ጠበቀው። ገብርዬን ጨምሮ ወደ 700 የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን ወደቁ፤ ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት 2 ብቻ ነበሩ። ደባርቂ ከ20 ዓመት በኋላ ተደገመ።

ከዚያ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን እስረኞችን ለቀቁ። የብዙዎቹ ተከታዮቻቸው ልብ ቢከዳም እጅ መስጠትን አልመረጡም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም፣ በትንሣኤ ማግስት፣ እንግሊዞች የመቅደላን በር ሲሰብሩ በገዛ ሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ።

ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል፤ አምሳያው በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ጋፋት ያንን ብረት ሰጥታቸዋለች፤ ብረቱን በሰላም የሚያሳልፍ መንገድም በገዛ እጃቸው ጠርገዋል። ያጡት ቀድሞ ቋራ ላይ የነበራቸውን ነው፤ ጠላትን ቆሞ የመጠበቅ እርጋታና ከኋላ የሚደግፍ ገበሬ።