ንጉሥ ጆርጅ 6ኛና የንግግር መምህራቸው

በጋሞ አገር የዱቡሻ ጉባኤ በምርቃት ተከፍቶ ባለ ተራው ቆሞ ሲናገር፥ የተቀመጠው ሁሉ ያዳምጠዋል። አንደበቱ የሚተበተብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሻው እንዲህ ያለ ጆሮ ይመስለናል። የዳግማዊት ኤልሳቤጥ አባት፥ የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ 6ኛ፥ ከንጉሣውያን ቤተ ሰብ ተወልደው ሳሉ ይህን ጆሮ ያገኙት ዕድሜያቸው 30 ካለፈ በኋላ ነው።

የተወለዱት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1895 ዓ.ም. ነበር። 8 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው መንተባተብ ጀመሩ፤ አባታቸውም ቍጡ ነበሩ። የመንተባተብ ሥሩ ግን፥ የዛሬው ጥናት እንደሚያስረዳው፥ በዘርና በአንጎል አሠራር ነው እንጂ በፍርሃት አይደለም።

በ1925 በዌምብሌ የኤግዚቢሽን መዝጊያ ላይ ሕዝብ እየሰማ ቃሉ አልወጣ ብሎ አስጨነቃቸው። በዓመቱ አውስትራልያዊውን ሊዮኔል ሎግን አገኙ። ሎግ የሐኪም ዲግሪ አልነበረውም፤ ይህ እኛን ተመራቂዎችን ሳያስደንቀን አይቀርም። የአተነፋፈስ ልምምድ እየሰጠ፥ እንደ ልዑል ሳይሆን እንደ ወዳጅ አነጋገራቸው። ባለቤታቸው ኤልሳቤጥም ያበረታቷቸው ነበር። በ1927 ካንቤራ ላይ የአውስትራልያን አዲስ ፓርላማ በንግግር ከፈቱ።

በ1936 ወንድማቸው ዙፋኑን ስለ ለቀቁ ነገሡ። በ1939 ጦርነት በታወጀ ዕለት በሬዲዮ ሲናገሩ ሎግ አጠገባቸው ነበር። መንተባተቡ ፈጽሞ አልለቀቃቸውም። በ1944 ግን የገናውን ንግግር ለመጀመሪያ ጊዜ ሎግ በሌለበት አደረጉ፤ መምህሩም በቤቱ ከእንግዶቹ ጋራ ሆኖ በሬዲዮ አዳመጣቸው።