ሩዶልፍ ዲዝል

ሩዶልፍ ክርስቲያን ካርል ዲዝል (18 ማርች 1858 – 29 ሴፕቴምበር 1913) በስሙ የሚጠራውን የዲዝል ሞተር የፈለሰፈ ጀርመናዊ መሐንዲስ ነበር። በዚህ ሞተር ውስጥ ነዳጁን የሚለኩስ ካንዴላ የለም። ፒስተኑ አየሩን አጥብቆ ሲያምቀው አየሩ በጣም ይግላል፤ ነዳጁም በጋለው አየር ላይ ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። ከባድ መኪናዎች፣ አውቶቡሶች፣ ትራክተሮች፣ መርከቦችና ጄኔሬተሮች በአብዛኛው በዚህ መንገድ ይሠራሉ። በኢትዮጵያ ነዳጁ ናፍጣ ይባላል፤ የፈልሳፊው ስም የሚሰማው በሞተሩ ላይ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ዲዝል የተወለደው በፓሪስ ከተማ ሲሆን ወላጆቹ ከባቫሪያ የመጡ ጀርመናውያን ነበሩ። አባቱ ቴዎዶር ዲዝል መጽሐፍ ጠራዥና የቆዳ ዕቃ ሠሪ ነበር። በ1870 በፈረንሳይና በፕሩሲያ መካከል ጦርነት ሲነሳ ቤተሰቡ ፓሪስን ለቆ ወደ ለንደን ሄደ። ሩዶልፍ በ12 ዓመቱ ከአክስቱና ከባሏ ጋር እንዲኖር ወደ ጀርመን ከተማ አውግስቡርግ ተላከ። የአክስቱ ባል የሒሳብ መምህር ስለነበር ልጁ በሙያ ትምህርት ቤት ተምሮ መሐንዲስ ለመሆን ወሰነ።

በ1875 የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ሙኒክ ወደሚገኘው ፖሊቴክኒክ ገባ። ከመምህራኑ አንዱ የማቀዝቀዣ ማሽን ፈልሳፊው ካርል ፎን ሊንደ ነበር። ዲዝል በታይፎይድ ስለታመመ ከጓደኞቹ ጋር መመረቅ አልቻለም፤ በ1880 መጀመሪያ ላይ ግን በከፍተኛ ውጤት ተመረቀ። ከዚያ በኋላ በሊንደ የበረዶ ፋብሪካ ለመሥራት ወደ ፓሪስ ተመለሰ። በ1883 ማርታ ፍላሸን አግብቶ ሦስት ልጆች ወለዱ።

የሞተሩ ሐሳብ

በዚያ ዘመን ፋብሪካዎችን የሚያንቀሳቅሰው የእንፋሎት ሞተር ነበር። ይህ ሞተር ከሚነድለት የድንጋይ ከሰል ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 በመቶ በታች የሚሆነውን ብቻ ወደ ሥራ ይለውጣል፤ የቀረው ይባክናል። ዲዝል የሙቀት ትምህርትን ሲማር ያስገረመው ይህ ብክነት ነበር። መጀመሪያ በእንፋሎት ፋንታ አሞኒያን ለመጠቀም ሞከረ፤ ማሽኑ ግን በሙከራ ላይ ፈንድቶ ለብዙ ወራት ሆስፒታል አስተኛው።

በ1890 ወደ በርሊን ተዛወረ። እዚያም ነዳጁ በሲሊንደሩ ውስጥ፣ በታመቀና በጋለ አየር መካከል እንዲነድ የሚያደርግ ሞተር ነደፈ። ለዚህም በ1893 በጀርመን የባለቤትነት መብት አገኘ፤ በዚያው ዓመት ሐሳቡን የሚያብራራ መጽሐፍ አሳተመ።

የአውግስቡርግ ሙከራዎች

የአውግስቡርግ ማሽን ፋብሪካ ኃላፊ ሃይንሪሽ ፎን ቡትስና የክሩፕ ኩባንያ ሙከራውን ለመደገፍ ተስማሙ። የመጀመሪያው ሞተር በኦገስት 1893 ሲሞከር የግፊት መለኪያው ፈነዳ፤ ሆኖም ነዳጅ ያለ እሳት በመታመቅ ብቻ እንደሚቀጣጠል ተረጋገጠ። በ17 ፌብሩዋሪ 1894 ሞተሩ ለአንድ ደቂቃ ያህል በራሱ ኃይል ሠራ።

ከዚያ በኋላ ያለው ችግር ነዳጁን በሚገባ ማቃጠል ነበር። ዲዝል በመጀመሪያ ዕቅዱ የድንጋይ ከሰል ዱቄትንም በነዳጅነት አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ዱቄቱን ወደ ሲሊንደር ማስገባት አስቸጋሪ ሲሆን አመዱም ብረቱን ይፈጫል። ፈሳሽ ነዳጅ የተሻለ ቢሆንም በደንብ ካልተበተነ የጠብታው መሐል በቂ አየር አያገኝም፤ ያልነደደው ካርቦንም ጥላሸት ሆኖ ይቀራል። ጥላሸት ማለት እንግዲህ ተገዝቶ ሥራ ሳይሠራ የወጣ ነዳጅ ነው። ዲዝል መፍትሔ ያደረገው ነዳጁን በኮምፕረሰር በታመቀ አየር እየነፉ ወደ ሲሊንደሩ መርጨት ነበር።

በፌብሩዋሪ 1897 ፕሮፌሰር ሞሪትስ ሽረተር የተሻሻለውን ሞተር መረመረ። ወደ 20 የፈረስ ጉልበት ያለው ይህ ሞተር ከነዳጁ ሙቀት 26.2 በመቶ ያህሉን ወደ ሥራ ለወጠ፤ ይህም በጊዜው ከነበሩት ሞተሮች ሁሉ የላቀ ነበር።

ዝናና ኪሳራ

ከዚህ ውጤት በኋላ ከብዙ አገሮች ፈቃድ ጠያቂዎች መጡ። አዶልፉስ ቡሽ የተባለው የቢራ ፋብሪካ ባለቤት የአሜሪካን መብት በ1 ሚሊዮን ማርክ ገዛ። በ1900 የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ የዲዝል ሞተር ከፍተኛውን ሽልማት አገኘ፤ እዚያ ከቀረቡት ሞተሮች አንዱ በለውዝ ዘይት ይሠራ ነበር። በ1912 ደግሞ ሴላንዲያ የተባለችው የዴንማርክ መርከብ በዲዝል ሞተር ረጅም የውቅያኖስ ጉዞ አደረገች።

ዲዝል ሚሊየነር ሆኖ በሙኒክ ትልቅ ቤት ሠራ። ይሁን እንጂ የባለቤትነት መብት ክርክሮች፣ የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ብልሽትና የሥራ ብዛት ጤናውን ጎዱት። ገንዘቡንም በመሬት ግዢና በሌሎች ያልተሳኩ ንግዶች አጣ። ብክነትን ለማጥፋት የተነሳው መሐንዲስ የገዛ ሀብቱን መጠበቅ አልቻለም።

አሟሟቱ

በ29 ሴፕቴምበር 1913 ማታ ዲዝል ለስብሰባ ወደ ለንደን ለመሄድ ከቤልጅግ ወደብ አንትወርፕ ድሬስደን በተባለች መርከብ ተሳፈረ። እራቱን በልቶ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ከሩብ ላይ እንዲቀሰቅሱት ነግሮ ወደ ክፍሉ ገባ። ጠዋት ክፍሉ ባዶ ነበር፤ አልጋውም አልተተኛበትም። ባርኔጣውና ካፖርቱ በመርከቡ ወለል ላይ ተገኙ። ከ10 ቀን ገደማ በኋላ የኔዘርላንድ ጀልባ ሠራተኞች ባሕር ላይ አስከሬን አገኙ። ከኪሱ ያገኟቸውን ዕቃዎች ወስደው አስከሬኑን ለባሕሩ መለሱት። ልጁ ኦይገን ዕቃዎቹ የአባቱ መሆናቸውን ለየ።

ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች በዕዳው ምክንያት ራሱን እንዳጠፋ ይገምታሉ። ተገድሏል የሚሉም አሉ፤ ይህን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ግን አልቀረበም።

ከሞቱ በኋላ

ኮምፕረሰሩ ከባድ ስለነበር የዲዝል ሞተር ለረጅም ጊዜ በፋብሪካና በመርከብ ተወስኖ ቆየ። በ1920ዎቹ ነዳጅን ያለ ኮምፕረሰር በከፍተኛ ግፊት የሚረጩ ፓምፖች ሲሠሩ ሞተሩ በከባድ መኪና ላይ ተገጠመ፤ የቦሽ ኩባንያም ከ1927 ጀምሮ ፓምፑን በብዛት ማምረት ጀመረ።

የጥላሸት ችግር ግን ዛሬም አልጠፋም። በሲሊንደር ውስጥ ያለው ኃይለኛ ሙቀት ናይትሮጅን ኦክሳይድ የተባሉ ጎጂ ጋዞችን ይፈጥራል። እነዚህን ለመቀነስ በዘመናዊ ሞተሮች ላይ ኢጂአር የሚባል ሥርዓት ከጭሱ ከፊሉን ወደ አየር መግቢያው ይመልሳል። በጭሱ ውስጥ ያለው ጥላሸት ከሞተሩ ሆድ ከሚመጣው የዘይት ጉም ጋር ሲገናኝ አየር ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ቱቦ፣ ማለትም በኢንቴክ ማኒፎልድ ውስጥ፣ እንደ ሬንጅ ጥቁር ሆኖ ይጋገራል። መተላለፊያው ሲጠብ ሞተሩ አየር ያጥረዋል፤ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ጥቁር ጭስም ያወጣል። ጭሱ ደግሞ ተጨማሪ ጥላሸት ይዞ ስለሚመለስ ችግሩ ራሱን ያባብሳል።

ስለዚህ ማኒፎልዱ አልፎ አልፎ ይጸዳል። ከሞተሩ ላይ ተፈቶ፣ የሲሊንደሮቹ አፍ በንጹሕ ነገር ተሸፍኖ፣ ጥቀርሻው በማሟሟያ ፈሳሽ ተዘፍዝፎ በብሩሽ ይፈገፈጋል። ከዚያም ታጥቦ በሚገባ ከደረቀ በኋላ በአዲስ ጋስኬት ይገጠማል። ሳይፈቱ ማጽዳት ሁለት አደጋ አለው። አንደኛው የተላቀቀ ጥቀርሻ ወደ ሲሊንደር መውደቁ ነው። ሁለተኛው ከዲዝል ግኝት የሚመነጭ ነው፤ ሞተሩ በመታመቅ ስለሚለኮስ፣ በአየር መግቢያው የገባ ማንኛውም ተቀጣጣይ ፈሳሽ ነዳጅ ይሆንለታል። እንዲህ ሲሆን ሞተሩ ቁልፉ ተዘግቶም ቢሆን ፍጥነቱን እየጨመረ ሊሄድና ሊሰባበር ይችላል።