ጂዮቫኒ አልፎንሶ ቦሬሊ፤ የመገጣጠሚያን ጫና ያሰላው ሊቅ

የሰው ልጅ መገጣጠሚያዎች እንደ አሠራራቸው በሦስት ይከፈላሉ። አንደኞቹ፣ እንደ ራስ ቅል ስፌት፣ ክር መሰል በሆነ ጠንካራ ነገር የተጣበቁና የማይንቀሳቀሱ ናቸው። ሁለተኞቹ በልም አጥንት የተያያዙና በጥቂቱ ብቻ የሚንቀሳቀሱ ሲሆኑ፣ በአከርካሪ አንጓዎች መካከል የሚገኙት 23 ዲስኮች ከነዚሁ ይመደባሉ። ሦስተኞቹ ደግሞ እንደ ክርን፣ ጉልበትና ዳሌ ያሉት፣ ቅባት መሰል ፈሳሽ በያዘ ከረጢት ተሸፍነው እንደ ልብ የሚንቀሳቀሱት ናቸው። የጥንቱ ሐኪም ጋሌን መገጣጠሚያዎችን በእንቅስቃሴያቸው ለይቷቸው ነበር፤ ቬሳሊየስም እ.ኤ.አ. በ1543 ባሳተመው መጽሐፍ ቅርጻቸውን በሥዕል አሳይቷል። የሚሸከሙትን ጫና በስሌት ለማግኘት በሰፊው የጣረው ግን የሒሳብ ሊቁ ቦሬሊ ነው።

ቦሬሊ በ1608 በኔፕልስ ተወለደ። በሮማ የጋሊሌዮ ደቀ መዝሙር ከነበረው ከቤኔዴቶ ካስቴሊ ዘንድ ሒሳብ ተማረ። በሲሲሊ ደሴት በመሲና ከተማ ካስተማረ በኋላ በ1656 ወደ ፒዛ ተዛወረ፤ በዚያም ከሐኪሙ ከማርቼሎ ማልፒጊ ጋር ተወዳጀ። የእንስሳትን አካል በመካኒክስ ሕግ የመመርመር ሐሳቡም በዚህ ወቅት ጎለመሰ።

ቦሬሊ አጥንትን እንደ መፈንቅል፣ መገጣጠሚያን እንደ መደገፊያ ነጥብ፣ ጡንቻን እንደ ሳቢ ኀይል ቈጠረ። ከእርሱ በፊት ጡንቻ በትንሽ ኀይል ትልቅ ሸክም ያነሣል ተብሎ ይታመን ነበር፤ እርሱ ግን ነገሩ ተቃራኒ መሆኑን አሳየ። ለምሳሌ ያህል ጡንቻው ከክርን 5 ሳ.ሜ. ርቆ ቢያያዝና 10 ኪሎ ሸክም 35 ሳ.ሜ. ርቆ ቢያዝ፣ ጡንቻው በ70 ኪሎ ኀይል መሳብ ይኖርበታል፤ የክንድ ክብደት ሳይታሰብ መገጣጠሚያው 60 ኪሎ ጫና ይደርስበታል። በአከርካሪም ላይ ይኸው ሕግ ይሠራል። ቦሬሊ ሸክም የተሸከመን ሰው ጀርባ በዚህ መንገድ መርምሮ፣ በአንጓዎች መካከል ያሉት ዲስኮች እንደ ሞላ ሆነው ከጡንቻዎች ጋር ሸክሙን እንደሚጋሩ ገለጸ።

ኑሮው ግን አልቀናውም። በ1667 ወደ መሲና ቢመለስም፣ ሲሲሊ በእስፓኝ አገዛዝ ሥር ነበረችና በፖለቲካ ሤራ ተጠርጥሮ በ1670ዎቹ ወደ ሮማ ተሰደደ። በዚያም ዙፋኗን የለቀቀችው የስዊድን ንግሥት ክርስቲና ድጋፏን ሰጠችው። በ1677 አገልጋዩ ንብረቱን ሁሉ ስለ ሰረቀው በአንድ ገዳም ተጠግቶ፣ ሒሳብ እያስተማረ መጽሐፉን ለኅትመት አዘጋጀ። ሆኖም ታትሞ ሳያየው ታኅሣሥ 31 ቀን 1679 ዐረፈ። ስለ እንስሳት እንቅስቃሴ የጻፈው ይህ ሥራ በ1680 እና በ1681 በሁለት ክፍል ታተመ።

በርግጥ ሁሉም ሐሳቡ ትክክል አልነበረም። ጡንቻ የሚኰማተረው ከነርቭ የሚመጣ ፈሳሽ ከደም ጋር ሲደባለቅ በሚፈጠር መፍላት ነው ማለቱ በኋለኞቹ ተመራማሪዎች ውድቅ ሆኗል። የኀይል ስሌቱ መሠረት ግን ጸንቷል። በ1960ዎቹ የስዊድኑ ሐኪም አልፍ ናኬምሶን በሕያዋን ሰዎች ዲስክ ውስጥ ያለውን ግፊት በመርፌ ለክቶ፣ ሰው ወደ ፊት ሲያጐነብስና ሸክም ሲያነሣ ጫናው እጅግ እንደሚጨምር አረጋገጠ። ዛሬ የሰው ሠራሽ ዳሌና ጉልበት ንድፍ አውጪዎች ብረቱ ሊቋቋመው የሚገባውን ጫና ሲወስኑ፣ የሰውየውን ክብደት ብቻ ሳይሆን ጡንቻዎቹ የሚጨምሩትን ኀይል አብረው ያሰላሉ።