የዳግማዊ ምኒልክ የመጨረሻ ሕመም

የዳግማዊ አጤ ምኒልክ ስም በተነሣ ቁጥር ሐሳባችን ወደ ዐድዋ ይሮጣል፤ ከዚያም ወደ ባቡሩ፣ ወደ ስልኩ፣ ወደ ባንኩ። በዛሬው ጽሑፋችን ግን የምንተርከው ስላሸነፉት ጠላት ሳይሆን እርሳቸውን ስላሸነፋቸው ደዌ ነው። ይህ ደዌ ዛሬም ከየቤታችን አልወጣም። ስንቱን አባት፣ ስንቷን እናት መጋኛ መታው፣ ጥላ ወጋት እያልን ቀብረናል! ሐኪሞች ስትሮክ ይሉታል።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ፣ በአንጎለላ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሞቱባቸው፤ እርሳቸውም በአጤ ቴዎድሮስ እጅ ወደቁና መቅደላ ኖረው በ1857 ዓ.ም. አምልጠው የአባታቸውን አገር ሸዋን ያዙ። በ1882 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ንጉሠ ነገሥት ተባሉ። ፊታቸው ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ ነበረባቸው፤ ሰውነታቸው ግን ጠንካራ፣ ሥራ ወዳድ፣ ጎሕ ሳይቀድ የሚነሡ ሰው ነበሩ። አዲስ መሣሪያ መጣ ከተባለ ሳያዩት አያድሩም፤ በ1900 ዓ.ም. አውቶሞቢል አዲስ አበባ ሲገባም ለማየት ከሁሉ ቀድመው የጓጉት እርሳቸው ነበሩ።

በ1898 ዓ.ም. መጋቢት ራስ መኰንን ሞቱ። ንጉሠ ነገሥቱ እጅግ ይተማመኑባቸው ነበርና ሐዘኑ ከባድ ሆነባቸው። የደዌው የመጀመሪያ ምልክት የታየውም በዚሁ ዓመት ነው። ቀለል ብሎ አለፈ፤ እርሳቸውም ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

እዚህ ላይ ነገሩን እናስረዳ። አንጎላችን ደም ለጥቂት ደቂቃ እንኳ ቢቋረጥበት አይችልም። ደም ወሳጁ ሥር በረጋ ደም ሲደፈን፣ ወይም ግፊት በዝቶበት ሲፈነዳ፣ ያ ሥር ይመግበው የነበረው የአንጎል ክፍል መሞት ይጀምራል። የአንጎል ቀኝ ወገን የሚያዝዘው ግራ እጅና እግርን፣ ግራውም ቀኙን ስለሆነ፣ ጉዳቱ በአንድ ጎን ሲደርስ ሽባ የሚሆነው ሌላው ጎን ነው። አፍ ይጣመማል፣ ክንድ ይዝላል። የንግግር ሥፍራ በአብዛኛው ሰው በግራው ወገን ነውና እርሱ ከተነካ ሰውየው እየሰማ መልስ ያጣል። ዋናው ጠንቅ የደም ግፊት ነው፤ ለዓመታት ሳያምና ሳያስታውቅ ሥሮችን ያደክማል። አንዳንድ ጊዜም በሽታው በሰዓታት ውስጥ ለቅቆ ይሄዳል፤ ይኸኛው ነው እኛን የሚያታልለን፤ ተሽሎኛል ብለን እንቀመጣለንና።

ምኒልክ ግን አልተታለሉም ማለት ይቻላል። በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ ሕመሙ በዚያው ዓመት ሲበረታ ስለ አልጋ ወራሽ ያስቡ ጀመር፤ በግንቦት 1901 ዓ.ም. የልጃቸውን ልጅ ልጅ ኢያሱን ወራሼ ነው ብለው በዐዋጅ አስታወቁ። ሰውነታቸው እየከዳቸው መሆኑን ያወቀ ሰው ሥራ ነው።

ለመዳንም ያልሞከሩት የለም። ደብረ ሊባኖስ ወርደው ጠበል ተጠመቁ፤ የአውሮፓ ሐኪሞች አዩአቸው፤ በሕፃንነቱ ከመቅደላ ወደ ሕንድ ተወስዶ ሕክምና የተማረው ሐኪም ወርቅነህም ከሐኪሞቻቸው አንዱ ነበር። ግን ሐኪሙ ምን ያድርግ? ዛሬ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ እርሱም ቢሆን በሽታው ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ካልተሰጠ አይረዳም፣ ሥር ፈንድቶ ከሆነም ይጎዳል። በዚያ ዘመን ይህ ሁሉ አልነበረም።

በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ከባዱ መጣ። አካላቸው ተያዘ፣ አንደበታቸውም ታሰረ። የአገሩ ሕግ በአንድ ሰው ቃል የሚጸና በነበረበት ጊዜ ያ ቃል ሲጠፋ የሆነውን አንባቢ ይገምተው። መርዝ አጠጧቸው የሚል ወሬ ከተማውን ሞላው። እቴጌ ጣይቱ በባላቸው ስም ይሾሙና ይሽሩ ጀመር፤ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተማክረው ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸውና ባለቤታቸውን እንዲያስታምሙ ብቻ ተዉአቸው። እንደራሴው ራስ ተሰማም ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላቸው በ1903 ዓ.ም. ሞቱ። ጤነኛው ሲሞት በሽተኛው ቆየ።

እነዚያን አራት ዓመታት ስናስብ ከንጉሡ ይልቅ አስታማሚዋ ትታየናለች። ሽባ የሆነ ሰው ካልተገላበጠ ገላው ይቆስላል፣ መዋጥ ሲቸግረው ምግብ ወደ ሳንባው ይገባል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል። ይህ ቀንና ሌሊት የማያስተኛ ሥራ ነው፤ ያችን ኩሩ እቴጌ የጠበቃትም ይኸው ነበር።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። እቴጌይቱ ወደ እንጦጦ ተላኩ። ሞቱ ለሕዝብ አልተነገረም፤ ሬሳቸው በምስጢር በግቢው ውስጥ ዐረፈ። በይፋ የተለቀሰላቸው በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ተሽረው ልጃቸው ዘውዲቱ ከነገሡ በኋላ ነው፤ ዐፅማቸውም ቆይቶ ወደ ታእካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ተዛወረ።