አቡነ ማስያስ፦ የአዋሽን ሸለቆ የተሻገሩ የመምህራን አሠልጣኝ

ከታጁራ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦና አዋሽን ተሻግሮ ወደ ሸዋ ደጋ የሚወጣው የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ ረጅም ታሪክ ያለው ነው። ጨውና ጨርቅ፣ በኋላም ጠመንጃ ሽቅብ ወጥቶበታል፤ ቡናና የዝሆን ጥርስ ቁልቁል ወርዶበታል። ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚያደማው ግን ከወላጆቻቸው ጉያ ተፈንግለው የተሸጡ ብላቴኖችና ልጃገረዶች በዚሁ መንገድ ወደ ባሕር መነዳታቸው ነው። በ1868 ዓ.ም. አንድ የካፑቺን ማኅበር ጳጳስ የነጋዴዎቹን ግመሎች ተከትለው በዚህ መንገድ ወደ ሸዋ ወጡ። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ተጠግቶ ነበር። አገሬው አባ ማስያስ ይላቸዋል፤ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ደግሞ ካርዲናል ጉልየልሞ ማሳያ በሚል ስም ያውቃቸዋል። በአዋሽና በሰመራ ለሚገኙ ምእመናን፣ በተለይም ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራንና ለመምህርነት ሙያ ለሚዘጋጁ ወጣቶች፣ የእኚህ አባት ሕይወት ብዙ የሚነግረን ነገር ስላለ በአጭሩ እናቀርበዋለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መምህር ከመሆን በፊት መማር

ሎሬንሶ አንቶኒዮ ማሳያ በሰሜን ኢጣልያ፣ በፒየሞንቴ ግዛት፣ በአስቲ ከተማ አጠገብ በምትገኘው ፒዮቫ በተባለች መንደር ሰኔ 8 ቀን 1809 ተወለዱ። ገና በወጣትነታቸው ወደ ካፑቺን ማኅበር ገብተው ጉልየልሞ የሚለውን የምንኩስና ስም ተቀበሉ፤ በ1832 ደግሞ ማዕርገ ክህነት ተቀበሉ። ከዚያም በቶሪኖ ከተማ በሚገኘው የማውሪሲያኖ ሆስፒታል የበሽተኞች ነፍስ አባት ሆነው ተመደቡ። በዚያም ሥራቸው ኑዛዜ መስማትና ቅዱስ ቊርባን ማቀበል ብቻ አልነበረም፤ ሐኪሞች የሚሠሩትን በጥሞና እየተመለከቱ የሕክምናን ጥበብ በመጠኑ ቀሰሙ። ይህ ያለ መምህርነት ማዕርግ የተማሩት ትምህርት ከብዙ ዓመት በኋላ በኦሮሞ አገር የስንቱን ልጅ ሕይወት እንደሚያድን በዚያን ጊዜ ማንም አላሰበም።

ከ1836 እስከ 1846 ለካፑቺን ማኅበር ተማሪዎች ፍልስፍናና ነገረ መለኮት አስተማሩ። የሳቮያ ልዑል የነበሩት፣ በኋላም የኢጣልያ ንጉሥ የሆኑት ቪክቶር አማኑኤል ንስሐ አባታቸው አድርገዋቸው ነበር። በአገራቸው ቢቀሩ ክብርና ሹመት እንደማያጡ የታወቀ ነበር፤ እርሳቸው ግን ወደ ሩቅ አገር ተልከው ወንጌልን ማስተማርን መረጡ።

ወደ ኢትዮጵያ መላክና የአቡነ ያዕቆብ አርአያ

በኢትዮጵያ ብዙ ዓመት የተመላለሰው ፈረንሳዊው ሊቅ አንቷን ዳባዲ ለኦሮሞ ሕዝብ የወንጌል መልእክተኞች እንዲላኩ ለቅድስት መንበር አመልክቶ ነበር። በዚህም ምክንያት በ1846 ር.ሊ.ጳ. ጎርጎርዮስ 16ኛ ለኦሮሞ ሕዝብ ሐዋርያዊ ቪካሪያት አቋቁመው ለካፑቺን ማኅበር ሰጡ። አባ ጉልየልሞም የመጀመሪያው ሐዋርያዊ ቪካር ሆነው ተሾሙ፤ ግንቦት 24 ቀን 1846 በሮም ማዕርገ ጵጵስና ተቀብለው በዚያው ዓመት ምጽዋ ደረሱ።

በሰሜን ኢትዮጵያ የላዛሪስት ማኅበር አባል የሆኑትን፣ ዛሬ ቅዱስ ዮስጢኖስ ብለን የምናከብራቸውን አቡነ ያዕቆብን አገኙ። አቡነ ያዕቆብ በአጋመ፣ ጓላ በተባለው ስፍራ ትምህርት ቤት ከፍተው የአገሩን ልጆች በአገሩ ቋንቋ፣ በአገሩ ሥርዓተ አምልኮ ለክህነትና ለአስተማሪነት ያዘጋጁ ነበር። በዚያን ጊዜ ማዕርገ ጵጵስና ስላልነበራቸው ተማሪዎቻቸውን የሚቀባላቸው አላገኙም ነበር፤ ይህንን አቡነ ማስያስ ፈጸሙላቸው። ጥር 7 ቀን 1849 ደግሞ በስደት ምክንያት በምጽዋ በሌሊት፣ በድብቅ፣ አቡነ ያዕቆብን ጳጳስ አድርገው ቀቡ። አቡነ ማስያስ የቤተ ክርስቲያን መሠረት በአንድ አገር የሚጸናው የዚያ አገር ልጆች ራሳቸው መምህራን ሲሆኑ መሆኑን በዓይናቸው ያዩት በጓላ ነው።

በጉድሩና በካፋ

ወደ ኦሮሞ አገር መግቢያው መንገድ ግን ተዘግቶባቸው ነበር። ስለዚህ ወደ አውሮፓ ተመልሰው ረዳቶችና ገንዘብ ካፈላለጉ በኋላ፣ በነጋዴ ልብስ ተሠውረው በግብፅና በሱዳን በኩል ዓባይን ተከትለው ጐጃም ገቡ። በኅዳር ወር 1852 ዓባይን ተሻግረው ጉድሩ ደረሱ። ጳጳስ ሆነው ከተሾሙ ስድስት ዓመት ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው።

በጉድሩ የጀመሩት ሥራ ለመምህራን ሁሉ ትምህርት የሚሆን ነው። አስቀድመው ተማሪ ሆኑ፤ የሕዝቡን ቋንቋ ተማሩ። ቀጥሎም የሕዝቡን ጭንቀት ተመለከቱ። በዚያን ዘመን ፈንጣጣ ቤት ለቤት እየገባ ሕፃናትን ይፈጅ ነበር። አቡነ ማስያስ በሆስፒታል ሳሉ የቀሰሙትን ጥበብ ተጠቅመው ክትባት መስጠት ጀመሩ፤ እናቶች ከሩቅ አገር ልጆቻቸውን አዝለው ይመጡ ጀመር። ሕዝቡም የፈንጣጣ ጌታ ብሎ ሰየማቸው። ስለ እምነት ሲያስተምሩ የሰማቸው ብዙ ሰው፣ አስቀድሞ ስለ ልጁ ሕይወት ሲጨነቁ ያያቸው ሰው ነው።

በየደረሱበት ወጣቶችን በቤታቸው ሰብስበው አብረዋቸው ይኖሩ ነበር። ከእነዚህም መካከል ከባርነት የተዋጁ ይገኙባቸዋል። ወጣቶቹ ጸሎትንና ትምህርተ ክርስቶስን በገዛ ቋንቋቸው ይማራሉ፤ ከመምህራቸው ጋር ይበላሉ፣ ይሠራሉ፣ በሽተኛ ይጠይቃሉ። ከመካከላቸው ብቁ ሆነው የተገኙት ማዕርገ ክህነት ተቀበሉ፤ ሌሎቹም የሕዝብ መምህራን ሆኑ።

በ1859 አቡነ ማስያስ ወደ ካፋ ተሻገሩ፤ በ1861 ግን ከካፋ ተባረሩ። የአንድ መምህር ሥራ የሚፈተነው እርሱ በሌለበት ነው። ጳጳሱ ቢሄዱም በእጃቸው የተቀቡት የአገሩ ተወላጅ ካህናት መንጋውን ጠበቁ። በ1913 የካፋ ሐዋርያዊ ፕረፌክቱር ተቋቁሞ የኮንሶላታ ሚሲዮናውያን ወደዚያ ሲገቡ፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የተዘራው ዘር ፈጽሞ አልጠፋም ነበር።

መምህራን የት ይሠልጥኑ?

ከካፋ ከወጡ በኋላ በ1863 በዐፄ ቴዎድሮስ ሰዎች እጅ ወድቀው ታስረው ተለቀቁ፤ ከዚያም ወደ አውሮፓ ሄዱ። በዚያም ሁለት ነገር ፈጸሙ። በ1867 ለወንጌል መልእክተኞች የአማርኛና የኦሮሞ ቋንቋ ሰዋስው መማሪያ መጽሐፍ አሳተሙ። በማርሴይ ከተማም ከባርነት ለተዋጁ የኦሮሞ ልጆች ትምህርት ቤት አቋቋሙ።

በዚያን ዘመን የአፍሪካን ወጣቶች ወደ አውሮፓ ወስዶ አሠልጥኖ መመለስ ብዙ መልካም ሰዎች የሞከሩት ዘዴ ነበር። በቬሮና አባ ኒኮላ ማሳ፣ በናፖሊ አባ ሉዶቪኮ ዳ ካሶሪያ ይህንኑ ሞክረዋል። ሆኖም ብርዱና በሽታው ብዙ ወጣቶችን ቀጠፈ፤ የተረፉትም ከአገራቸው ኑሮ ርቀው አደጉ። ቅዱስ ዳንኤል ኮምቦኒ ይህን አይተው በ1864 ባወጡት ዕቅድ፣ ወንድና ሴት መምህራን፣ ካቴኪስቶችና የእጅ ሙያተኞች በአፍሪካ ምድር፣ የአፍሪካ ልጆች ጤናቸውን ሳያጡ በሚኖሩበት ስፍራ እንዲሠለጥኑ አሳሰቡ። አቡነ ማስያስም የማርሴዩን ቤት ቢያቋቁሙ እንኳ ዋናውን ሥራቸውን በዚያ አልተዉም፤ እንደገና ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ።

በአፋር ምድር ወደ ሸዋ

ይህኛው ጉዞ በመግቢያችን ያነሣነው ነው። መንገዱ የሚያልፈው በአፋር ሕዝብ ምድር ስለ ሆነ፣ ያለ ሕዝቡ ፈቃድና ያለ አገሩ መሪ ማንም እንግዳ የውኃውን ጉድጓድ ሊያገኝ አይችልም ነበር። ክርስቲያኑ ጳጳስ በሙስሊም መሪዎችና ግመል ነጂዎች ጥበቃ በረሃውን ተሻገሩ።

በ1868 ሸዋ ሲደርሱ ንጉሥ ምኒልክ በአክብሮት ተቀብለው በአማካሪነት አቆዩአቸው። በዚያው ዓመት በፊንፊኔ፣ በኋላ አዲስ አበባ በተቆረቆረችበት ምድር፣ የሚሲዮን ቤት ተቋቋመ። አቡነ ማስያስ በዚህም ወጣቶችን ማስተማርና በሽተኞችን ማከም ቀጠሉ። የአውሮፓ ፖለቲካ ወደ ሸዋ ቤተ መንግሥት መግባት የጀመረው በዚሁ ዘመን ነው፤ በ1876 የኢጣልያ ጂኦግራፊ ማኅበር ልዑካን ወደ ሸዋ ሲመጡ አቡነ ማስያስ ረድተዋቸዋል። ቅኝ ገዥነት ከዚያ በኋላ ያስከተለውን መከራ የምናውቅ እኛ ይህን ስናነብ ልናዝን እንችላለን። ወንጌልን የሚያስተምር ሰው ከምድራዊ ኃይል ጋር ሲቀራረብ ምን ያህል መጠንቀቅ እንደሚገባው የሕይወታቸው ይህ ክፍል ያሳስበናል።

በ1879 በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትእዛዝ ከሸዋ እንዲወጡ ተደረገ። ሰባ ዓመት የሞላቸው ጳጳስ በሱዳን በኩል ተሰደዱ፤ ወደ ኢትዮጵያም ዳግመኛ አልተመለሱም። ሥራቸው ግን አልተሰደደም። ተተኪያቸው አቡነ ታውሪን ካኛ በ1881 ሐረር ገብተው ሚሲዮኑን አስፋፉ፤ ለኦሮሞ ሕዝብ የተቋቋመው ያ ቪካሪያት በ1937 የሐረር ሐዋርያዊ ቪካሪያት ተብሎ ተሰየመ።

ር.ሊ.ጳ. ሊዮን 13ኛ ኅዳር 10 ቀን 1884 የካርዲናልነትን ማዕርግ ሰጧቸው፤ የሚሲዮን ሕይወታቸውንም እንዲጽፉ አዘዟቸው። በላይኛው ኢትዮጵያ ስላሳለፏቸው 35 ዓመታት የሚተርከው መጽሐፋቸው ከ1885 እስከ 1895 በ12 ቅጾች ታተመ። የመጨረሻዎቹን ቅጾች ታትመው ሳያዩ ነሐሴ 6 ቀን 1889 በናፖሊ አጠገብ፣ በሳን ጆርጆ አ ክሬማኖ አረፉ፤ በፍራስካቲ በካፑቺን ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ። በ2016 መጨረሻ ቤተ ክርስቲያን ጀግንነት የተመላውን ምግባራቸውን አረጋግጣ ክቡር የሚለውን ስም ሰጠቻቸው።

ለእኛስ?

አዋሽ ወደ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው። ከደጋው የያዘውን ውኃ ሁሉ በየመንገዱ ለእርሻውና ለግጦሹ እያካፈለ ሄዶ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። የመምህርም ሕይወት ይህን ይመስላል፤ ያስተማራቸው ሲለመልሙ እርሱ በጸጥታ ያልፋል።

ያ የሲራራ መንገድ ዛሬ አስፋልት ሆኗል። በአዋሽ፣ በሎግያና በሰመራ በኩል የጭነት መኪኖች ወደ ጅቡቲ ይመላለሳሉ። ከመኪኖቹ ጎን ደግሞ ከትግራይ፣ ከአማራና ከኦሮሚያ የመጡ ወጣቶች በእግራቸው ወደ ታጁራና ወደ ኦቦክ ባሕር ዳርቻ ሲጓዙ ይታያሉ፤ በየመን በኩል ዐረብ አገር ሊሻገሩ ነው። በአቡነ ማስያስ ዘመን ልጆች በዚህ መንገድ በሰንሰለት ይነዱ ነበር፤ ዛሬ ተስፋ መቁረጥና የደላላ ቃል ይነዳቸዋል። በበረሃው ውኃ ጥም፣ በባሕሩም ማዕበል የቀሩት ብዙዎች ናቸው።

እንግዲህ በሰመራ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ተቋም የመጀመሪያ ዲግሪውን እየተማረ ለመምህርነት የሚዘጋጅ ወጣት፣ በቁምስናም የሚያስተምር ካቴኪስት፣ ከአቡነ ማስያስ የሚወርሰው ምንድን ነው? አንደኛ፣ የሚያስተምረውን ሕዝብ ቋንቋና ኑሮ ማወቅ የትምህርቱ መጀመሪያ እንጂ ተጨማሪ አለመሆኑን ይማር። በአፋር ምድር የሚኖር መምህር የአፋርኛ ሰላምታ እንኳ ሳያውቅ ዓመት ቢያልፈው፣ ጉድሩ ደርሰው አስቀድመው ተማሪ የሆኑትን ጳጳስ ያስብ። ሁለተኛ፣ ወጣቱን ከማስተማር አስቀድሞ ስለ ሕይወቱ መጨነቅ ይገባል፤ ፈንጣጣ ዛሬ ከዓለም ቢጠፋም ወጣቱን የሚፈጅ ነገር አልጠፋም። ከክፍል የቀረውን ተማሪ ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ መምህር፣ ወደ ባሕር ሊሄድ የተነሣውን ልጅ ቁጭ አድርጎ የሚያነጋግር ካቴኪስት፣ ያንኑ ክትባት ይሰጣል። ሦስተኛ፣ ከሙስሊም ጎረቤት ጋር በመከባበር መኖር ይገባል፤ አቡነ ማስያስ በረሃውን የተሻገሩት ብቻቸውን አልነበረምና። አራተኛ፣ ማንኛውም መምህር ነገ እርሱን የሚተካውን ሰው ዛሬ ያዘጋጅ።

አዝመራው ብዙ ነው። በየቁምስናችን ቢያንስ አንድ ወጣት ለዚህ አገልግሎት ጠርተን፣ አብረን ቁጭ ብለን ብናስተምር፣ በዚያ አሮጌ መንገድ ላይ ከሚጠፉት መካከል አንዱን መመለስ እንችላለን። የአዝመራው ጌታ እግዚአብሔር ለቤተ ክርስቲያኑ እውነተኛ መምህራንን ያስነሣልን። አሜን።