ሴባስቶፖልን ስለ ሠራው ስለ ዋልድማየር



ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው መድፍ የሴባስቶፖል አምሳያ እንደ ሆነ፣ ዋናውም በመቅደላ አምባ እንዳለ አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው ያውቃል። በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ለሥራ ስንወጣና ስንወርድ በየቀኑ እናየዋለን። ይሁን እንጂ ማን ሠራው ቢባል ከአፄ ቴዎድሮስ በቀር ስም የሚጠራ ጥቂት ነው። እኔ በማስተምርበት ክፍል ጥያቄው ቢነሣ አንዱ ተማሪ የፈረንጅ እስረኞች ናቸው አለ፤ ሌላው ለወገናቸው ከዳተኞች ናቸው ሲል ተከራከረው። ሁለቱም መልስ ስላላረካኝ ከሠሪዎቹ አንዱ ስለ ነበረው ስለ ቴዎፊል ዋልድማየር ጥቂት እጽፋለሁ። ዓመተ ምሕረቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ዋልድማየር በ1832 በስዊስ አገር ተወለደ። ባዝል አጠገብ በሚገኘው በቅዱስ ክሪሾና የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረና የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ከላኳቸው የእጅ ሙያ ካላቸው ወንጌላውያን ጋር ወደ አገራችን መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከስብከቱ ይልቅ ሙያውን ወደዱት። በደብረ ታቦር አቅራቢያ ጋፋት ላይ አሰፈሯቸው። በ1859 መጨረሻ ዋልድማየር የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ ሱዛንን አገባ፤ እናቷ ኢትዮጵያዊት ነበረች። ቤል ሊቀ መኳስ ዮሐንስ የተባለው የንጉሡ ባለሟል ነው፤ በ1860 በጦር ሜዳ ለጌታው ሲል ሞተ። እንግዲህ ዋልድማየር ከዚህ በኋላ እንግዳ ነው ለማለት ያስቸግራል። አማች ነው፤ የልጆች አባት ነው፤ ባለ ቤት ነው።

የመድፉ ትእዛዝ በመጣ ጊዜ የጋፋት ሰዎች ይህን ሥራ አናውቅም ብለው ነበር። አሽከሮቻቸው በሰንሰለት ታሰሩባቸው። እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ነኝና ይህን ስፍራ ባነበብሁ ቁጥር ልቤ ይከፈላል። ወንጌል ሊያስተምር የመጣ ሰው መድፍ ማቅለጥ አይገባውም ማለት ቀላል ነው፤ ነገር ግን የሚታሰረው ሌላ ሰው ሲሆን እምቢ ማለት እንዴት ይቻላል? ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም፤ ደግመው ሞከሩና ሆነ። ከሁሉ የሚበልጠው ሴባስቶፖል ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል።

በዚህ መካከል ንጉሡ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ አጣ። በ1863 ሚሲዮናዊው ስተርን፣ በ1864 መጀመሪያ ቆንሲል ካሜሮን በሰንሰለት ታሰሩ። ያን ጊዜ በአገሩ የነበረው ፈረንጅ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ በእግር ብረት፣ ግማሹ በንጉሡ ሽልማት ይኖር ጀመር። የጋፋት ሰዎች ስለ እስረኞቹ ቢማልዱም ጥርጣሬው አልቀረላቸውም። ከተፈቱት አንዳንዶቹ በኋላ በጻፉት መጽሐፍ በብርቱ ነቀፏቸው። በሌላ በኩል ንጉሡም መጠርጠር ጀመሩና በ1867 ከጋፋት አንሥተው ደብረ ታቦር አጠገባቸው አደረጓቸው። በሁለቱም ወገን ሳይታመን መኖር እንግዲህ ይህ ነው።

በዚያው ዓመት በጥቅምት ደብረ ታቦር ተቃጠለችና ጉዞ ወደ መቅደላ ሆነ። ያን ሁሉ ብረት በገደልና በበሽሎ ሸለቆ እየጎተቱ ከአምስት ወር በላይ ተጓዙ። መንገዱን ንጉሡ በገዛ እጃቸው ጭምር ድንጋይ እያነሡ አስጠረጉት። የጎተተው ግን ስሙ ያልተጻፈው የኢትዮጵያ ወታደር ነው።

በ1868 በስቅለት ዋዜማ ብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞች ወደ ገደል ተጣሉ። በስቅለት ዕለት ፊታውራሪ ገብርዬ አሮጌ ላይ ወደቀ። በዚያች ሌሊት ዋልድማየር የንጉሡን የዕርቅ መልእክት ይዞ ወደ እንግሊዞቹ እስረኞች ተላከ፤ ሁለቱም ወገን ሊሰማው የሚችል ሰው ጥቂት ነበርና። ዕርቁ አልሰመረም። እሑድ በፋሲካ ከቤተሰቡ ጋር ከአምባው ወረደ፤ በማግስቱ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ።

ዋልድማየር ከዚያ ወደ ሊባኖስ ሄዶ በ1873 በብሩማና ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ቤይሩት አጠገብም ለአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። በ1915 ሞተ።

ማዘጋጃ ቤታችን ቢፈቅድ በአደባባዩ ላይ የዋልድማየር፣ የዛልሙለርና የሞሪስ ሃል ስም ቢጻፍ፣ ከእነርሱም በላይ መድፉን ስለ ጎተቱት ወታደሮችና ስለ ታሰሩት አሽከሮች አንድ መስመር ቢጨመር እላለሁ። ተማሪዎቼ ክርክራቸውን እዚያው ቆመው ይቀጥሉ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ አራዳ